ተገናኝቷል ይላል፣ ድምፅ ግን የለውም

የአውቶቡስ መናኸሪያው የዕቃ መላኪያ ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ ቀልድ የማያልቅበት አንድ ዕቃ ተቀባይ አላት። ሰው እዚያ የሚገባው ዕቃ ሊልክ ወይም ሊቀበል ነው እንጂ ምክር ፍለጋ አይደለም። ቢሆንም በዚያ ረፋድ አንድ ሰው ዕቃ ሊልክ ገብቶ፣ ዕቃውን ሳይልክ፣ ከዕቃው የሚበልጥ ነገር ይዞ ወጣ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እንናገር።

ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲል አንድ ሽማግሌ አናጢ ትንሽ የእንጨት ሣጥን በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ። ሰፈሩ «ጋሼ ሚሊ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው፣ ተሠርቶ ቀለም የተቀባ ቁም ሣጥን «በሁለት ሚሊ ተዛንፏል» ብለው ባለቤቱ ዓይን እያየ ስላፈረሱት ነው። ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተዋል፤ አርባውን ያሳለፉት ከማሽን መጋዝ አጠገብ ነው። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ ተሰክታለች፤ ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አለ።

«ውስጡ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ዕቃ ተቀባዩ፣ ሣጥኑን ሚዛን ላይ እያኖረ።

«ለልጄ ነው።»

«ለማን አላልኩም። ምን አለበት?»

«አዎ፣ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይሂድልኝ» አሉ ጋሼ ሚሊ ፈገግ ብለው።

ዕቃ ተቀባዩ ግራ ገብቶት ሣጥኑን አገላበጠው። ጋሼ ሚሊ ያልሰሙትን ጥያቄ መመለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሰው ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አስቀድመው ይገምታሉ። አንዳንዴ ይገጥማል፤ ካልገጠመ ፈገግታ ይጨምሩበታል። ይህን ዘዴ ማንም አያውቅብኝም ብለው ያምናሉ። ሰፈሩ ሁሉ ግን ያውቃል፤ በይሉኝታ ዝም ብሏቸው ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገመድ አልባ ጆሮ ማዳመጫ ነው። አንድ ልጃቸው ከሁለት ወር በፊት የላከችላቸው ነው። ልጅቱ ሙያውን ከእሳቸው ተምራ፣ ከእሳቸው ጎን ስምንት ዓመት ሠርታ፣ ከአምስት ወር በፊት ሌላ ከተማ ያለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ገብታለች። ጆሮ ማዳመጫው የመጀመሪያውን ሳምንት ጥሩ ሠራ። ከዚያ ድምፁ እየሰለለ ሄደ፣ በመጨረሻም ጭራሽ ጠፋ። ስልክ ስትደውል ስለማይሰሙ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እያሉ ይዘጉባታል። እሷም መደወሉን ትታ፣ ትንንሽ ፊደል ለዓይኑ ይከብደዋል ብላ፣ የድምፅ መልእክት መላክ ያዘች። ጋሼ ሚሊ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሲለጥፉት የሚሰማቸው ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ነው። ድምፁን ለቀው እንዳይከፍቱት ደግሞ የልጅቱ ጉዳይ ወርክሾፑን አልፎ ጎዳናውን ያዳርሳል። ስለዚህ አንድ መላ ፈጠሩ፤ መልእክት በመጣ ቁጥር የአውራ ጣት ምልክት ይልኩላታል። «ሰማሁ፣ መልካም ነው» ማለታቸው ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣ የነበረች ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። ጋሼ ሚሊ አንድና አንድ ደምረው የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ፤ ረስታኛለች፣ የላከችልኝም ዕቃ የመርሳት ዕቃ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን መልሰው ሊልኩላት ይችን ሣጥን ሠሩ። ተናደው እንኳ ማዕዘኗን በስኳድራ ሳይለኩ አልቀሩም። ዛሬ ጠዋት ክዳኗን ሲያስተካክሉ ከልጅቱ አዲስ የድምፅ መልእክት ገባ። ምን እንዳለች ሊያውቁ ፈለጉ፤ ግን በምን ይስሙት? አውራ ጣታቸውን እንኳ ሳይልኩ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ!»

ከአግዳሚው የተነሣችው አጥር የምትጋራቸው ወጣት ናት። የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሳ የውሃ መሥመር ቴክኒሻን ሆናለች፤ ሰፈሩ «የውሃዋ ልጅ» ይላታል። ጋሼን ስታናግር ሁልጊዜ ዞራ በቀኛቸው ትቆማለች። ለምን እንደሆነ ተናግራ አታውቅም።

«ደህና፣ ደህና። አንቺስ? ቧንቧው እዚህም ፈነዳ እንዴ?»

«አይ፣ የተላከልኝ የቧንቧ ማያያዣ አለ፤ እሱን እየጠበቅሁ ነው። እርስዎስ ምን እየላኩ ነው?»

«ብልሽት።»

«ብልሽት ደግሞ ይላካል?»

«ወደመጣበት ይመለሳል» አሉ ጋሼ ሚሊ፣ አገጫቸውን ወደ ሣጥኑ እየቀሰሩ። «ልጄ የላከችልኝ የጆሮ ጌጥ ነው። ስልኩ ‹ተገናኝቷል› ይላል፤ እኔ የሰማሁት ነገር ግን የለም። ውሸታም ነው።»

«ማን? ስልኩ ነው ማዳመጫው?»

«ሁለቱም። ተመካክረው ነው የሚዋሹኝ።»

ዕቃ ተቀባዩ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። «አውቶቡሱ እስኪነሣ አንድ ሰዓት አለ። እስቲ ቁጭ ይበሉና አብረን እንየው።»

«ምኑን እናየዋለን? የሚሠራ ዕቃ ይሠራል፤ የማይሠራ አይሠራም። አለቀ።»

«ጋሼ፣ እኔ ስልክ ጠጋኝ አይደለሁም። ነገር ግን በየቀኑ የምሰማው አቤቱታ ከዚህ አይለይም። ሰው ይመጣና ‹ቧንቧዬ ተቀጥሏል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም› ይለኛል። መቀጠል አንድ ነገር ነው፤ መፍሰስ ሌላ ነገር ነው። መሥመሩ ደህና ሆኖ መሐል ላይ አንድ መዝጊያ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም የቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት በአሸዋ ተደፍና ይሆናል። ሳላይ ‹ቧንቧው ተበላሽቷል› ብዬ ብነቅል ሰው ይስቅብኛል።»

«እኔ ደግሞ አይቼዋለሁ። ሁሉንም ነካክቼዋለሁ። በጥፊም ብዬዋለሁ።»

«በጥፊ!»

«ምን ያስደነግጥሻል? ሬዲዮኔን ሠላሳ ዓመት በጥፊ ነው ያሠራሁት።»

«ሬዲዮኑ አሁን የት አለ?»

ጋሼ ሚሊ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሬዲዮኑ ከዓመት በፊት በጥፊ ነው የሞተው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጋሼ ሚሊ የዋዛ ሰው አይደሉም። በሙያቸው እንደ እሳቸው ጠንቃቃ፣ እንደ እሳቸው ታጋሽ የለም። ብዙ ሰው ግን በሚያውቀው ነገር ላይ የሚያሳየውን ትዕግሥት በማያውቀው ነገር ላይ ይነፍጋል። የገዛ ጥበቡን ቤቱ ትቶት ይወጣል። የውሃዋ ልጅ ይህ ስለገባት ስለ ስልክ ማውራት ተወችና ሌላ ጥያቄ አመጣች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሠሩትን ጠረጴዛ ሰው ‹ይወላወላል› ብሎ ቢመልስልዎ ምን ያደርጋሉ? እግሩን ይቆርጡታል?»

«ጅል አደረግሽኝ?» ተቆጡ ጋሼ ሚሊ። «መጀመሪያ ወለሉን ነው የማየው! ሰው ጠረጴዛውን ይከሳል፣ ጠማማው ግን ብዙ ጊዜ ወለሉ ነው። በምን ያውቁታል ብትዪኝ፣ ጠረጴዛውን ግማሽ ዙር አዞረዋለሁ። መወላወሉ ከእግሩ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የእግሩ ነው። መወላወሉ እዚያው ቦታ ከቀረ ወለሉ ነው። ከዚያ በፊት መጋዝ ያነሣ ሰው አናጢ አይባልም።»

«እንደሱ ነው እንግዲህ! አንድ በአንድ፣ ከቀላሉ ጀምሮ። ይህንን ዘዴ ለዚህ ምስኪን ማዳመጫ ለምን ከለከሉት?»

ጋሼ ሚሊ ቀስ ብለው፣ ዕቃ ተቀባዩ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ስልክ አስተምሩኝ እያልኩ ልዙር?» አሉ።

«እኔ ባለፈው ዓመት ምን እንደሠራሁ ልንገርዎ? ውሃ ጠፋ ተብዬ ሄድኩ። አብሮኝ የሚሠራውን አንጋፋ ሠራተኛ መጠየቅ አፈርኩ። የአንዲት ሴት ደጃፍ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ለካ ውሃውን የዘጋሁት እኔው ራሴ፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ ከላይ ያለውን መዝጊያ ዘግቼ ረስቼው ነው። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ስታየኝ ‹ጉድጓዴ መጣች› ትለኛለች።»

ጋሼ ሚሊ ሳይወዱ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደ ባንኮኒው ሄደው፣ «ሣጥኔን ለትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አሉ።

«ተመልሶ ይመጣል ወይስ መንገዱን ቀየረ?» አለ ዕቃ ተቀባዩ።

«እሱን እሷ ትወቅ።»

ሣጥኑ ተከፈተ። ማዳመጫዎቹ ከነ ቻርጅ ማድረጊያ ቤታቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። የውሃዋ ልጅ በእጇ አልነካቻቸውም። «እርስዎ ይሥሩት፣ እኔ አጠገብዎ ሆኜ አያለሁ» አለች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለጋሼ ሚሊ ግን ትንሽ አልነበረም። የወርክሾፑ ደንበኞች ስልካቸውን ከእጃቸው ነጥቀው፣ ጠቅ ጠቅ አድርገው፣ «ይኸው ተስተካከለ» ብለው ሲመልሱላቸው ኖረዋል። ምን እንደተደረገ ግን ያሳያቸው አልነበረም።

«መጀመሪያ ምንጩን እንይ። ማዳመጫውን ያጥፉና ስልኩ ብቻውን ድምፅ እንዳለው ይሞክሩ። የልጅዎን መልእክት ሳይሆን የጥሪ ዜማውን።»

ነኩት። ክፍሏ በዜማ ተሞላች፤ ዕቃ ተቀባዩ ትከሻውን ሰበቀ።

«ምንጩ ውሃ አለው። ማዳመጫዎቹስ ቻርጅ አላቸው? ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል።»

«ሰማንያ ይላል።»

«ጥሩ። አሁን ያገናኙትና ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ የሚለውን ይክፈቱ። የማዳመጫው ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ይጫኑ። ምን ይታይዎታል?»

ጋሼ ሚሊ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «‹ለጥሪ› የሚል አለ፤ በርቷል። ‹ለሙዚቃና ለሌላ ድምፅ› የሚል አለ፤ ይኼ... ይኼ ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

ጋሼ ሚሊ መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ድምፁ የሰለለ ጊዜ ነካክቼ ነበር» አሉ።

«ጉድጓድዎ ተገኘ ማለት ነው!» አለችና ሁለቱም ሳቁ። «‹ተገናኝቷል› ያለው እኮ አልዋሸም ጋሼ። ለጥሪ ተገናኝቷል። ለቀረው ግን መዝጊያው ተዘግቶ ነበር። ይክፈቱትና ዜማ ያጫውቱ። እያጫወተ ሳለ ነው ድምፁን የሚጨምሩት፤ አለዚያ የሚጨምሩት የጥሪውን ይሆናል።»

ማዳመጫዎቹን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለና ወዲያው ጠፋ። «በቀኝ በኩል ከሩቅ ይሰማኛል፤ ግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው የሚያፏጭ ይመስላል። በግራ ምንም የለም።»

«ያውጧቸውና ወንፊታቸውን ይዩት።»

ጋሼ ሚሊ አንደኛውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ። ለዓመታት የእንጨት ቀዳዳ ሲመረምር የኖረ ዓይን ነውና ወዲያው አየው። «ሰጋቱራ! ጥቅጥቅ ብሏል።»

«የት ነበር የሚያስቀምጧቸው? በቤታቸው ውስጥ ነው?»

«ቤታቸውማ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሥራ ይፈታል። የሥራ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው የምከታቸው፤ ከምስማሩ ጋር።»

«አዪ ጋሼ! ሁለት ሚሊ የማያልፍዎ ሰው!»

በመርፌ ሊጎረጉሩት እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኮሌታ ሲሰዱ ከለከለቻቸው። መርፌው ወንፊቱን እንደሚቀድ፣ ውሃ እንደማይነካው፣ ትንፋሽም እርጥበት ስላለው እንደማይነፋበት አስረዳች። ጋሼ ሚሊ ከደረት ኪሳቸው ጭረት የሚቀቡባትን፣ ገና ቀለም ያልነካትን ቀጭን ብሩሽ አወጡ። የማዳመጫውን አፍ ወደታች ደፍተው፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ነጭ ዱቄት የሚመስል ሰጋቱራ መሐረባቸው ላይ ረገፈ። ለዚህ ሥራ ከእሳቸው የተሻለ እጅ በዚያ ከተማ ያለ አይመስልም።

መልሰው ከተቱት። ቀኙ ጥርት ብሎ መጣ፤ ጋሼ ሚሊ ደንግጠው ቀና አሉ። ግራው ግን እንደ ቅድሙ ዝም ነው።

«አንዱ ሞቷል» አሉ። «አልኩሽ አይደል? ዕቃው ነው።»

የውሃዋ ልጅ መሬት መሬት አየች። ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ጋሼ ሚሊ ቅድም በገዛ አፋቸው ተናግረዋል። ማዞር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼ ሚሊ ሁለት ወር ሙሉ የሸሹት ይህችን አንዲት ነገር ነው። ዕቃው እስካልተመረመረ ድረስ ጥፋቱ የዕቃው ነው ብሎ መኖር ይቻላል። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሲያደርግ የተማረ ይመስላል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ግን ጅል እንዳይባል ሰግቶ ይደብቃል። ከመደበቅ ብዛት ሰው ይርቃል፤ ሲርቅ ኩሩ ይባላል፤ ኩሩ ሲባል ጭራሽ ይርቃል። የጋሼ ሚሊ እጅ ጉልበታቸው ላይ ቆይቶ ቆይቶ ወደ ጆሯቸው ተነሣ። ሁለቱንም አውጥተው፣ ጎን አዛብተው፣ የግራውን በቀኝ ጆሯቸው ከተቱት።

ዜማው ጥርት ብሎ መጣ።

የቀኙን ደግሞ በግራ ጆሯቸው ከተቱት። ዝም።

«መወላወሉ ከእግሩ ጋር አልዞረም» አሉ ጋሼ ሚሊ። ግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ወለሉ ነው። መጋዙ በግራዬ ነበር የሚቆመው።»

ዕቃ ተቀባዩ ቀልዱን ትቶ ወደ ሚዛኑ ዞረ።

«ጋሼ» አለች የውሃዋ ልጅ ለስለስ ብላ፣ «ጠማማ ወለል ሲያገኙ ጠረጴዛውን ይጥላሉ?»

«የለም። ከሥሩ ስስ እንጨት አስገባለታለሁ።»

«ለጆሮም አለው። ጤና ጣቢያው ውስጥ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጆሮ የምትመረምር ባለሙያ አለች። ምናልባት ከፊሉ በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል፤ ያ ይታጠባል። ከፊሉ በመጋዙ ጩኸት የተጎዳ ይሆናል፤ ያ አይመለስም፣ ግን ደጋፊ መሣሪያ አለው። እኔ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሳያስመረምሩ እርስዎም አያውቁም። በዚህ ላይ ደህናው ጆሮዎ አሁንም ከዚያው መጋዝ ጋር እየዋለ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የመንገድ መቦርቦሪያ የሚይዝ ሰው ጆሮውን ሳይሸፍን ማሽኑን አይሰጡትም። እርስዎ ግን ጆሮዎ ላይ ያለዎት መከላከያ እርሳስ ብቻ ነው።»

«ሰው ምን ይላል? ጋሼ ሚሊ ደነቆረ ይላል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁን ምን የሚል ይመስልዎታል?»

ጋሼ ሚሊ ቀና ብለው አዩዋት። «ታውቂ ነበር?»

«ሁልጊዜ በቀኝዎ የምቆመው ለምን ይመስልዎታል?»

ጋሼ ሚሊ እንደማፈር ብለው፣ «ከልጄ የመጣ መልእክት አለ። ጠዋት የመጣ» አሉ። የውሃዋ ልጅ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ዕቃ ተቀባዩም ድንገት የሚቆጥረው ካርቶን ብዙ ሆነበት።

ጋሼ ሚሊ ሁለቱን ማዳመጫዎች አስተካክለው ከተቱና ከሦስት ሳምንት በፊት ከመጣው ጀመሩ።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ? የመገጣጠሚያ ክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። አባቴ ነው ያስተማረኝ አልኳቸው።» ከሥሩ የእሳቸው አውራ ጣት ቆሟል። ደግ። ያስኬዳል።

«አባዬ፣ ስደውልልህ ትዘጋብኛለህ። ወርክሾፑን ጥዬ በመውጣቴ ተቀይመኸኛል እንዴ?» ከሥሩ፣ አውራ ጣት።

ጋሼ ሚሊ ቸኩለው የሚቀጥለውን ነኩ።

«እሺ... ከተቀየምከኝ እንግዲህ ለጊዜው ባልመጣ ይሻላል። ይሻላል አይደል?» ከሥሩ፣ አውራ ጣት። ቀጥ ያለ፣ ደስ ያለው አውራ ጣት።

የመጨረሻው የዛሬ ጠዋቱ ነው። ድምፅዋ ቅዝቅዝ ብሏል።

«አባዬ፣ ፋብሪካው ሩቅ ያለው ቅርንጫፍ ሊልከኝ ነው፤ ለሦስት ዓመት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ መልስ ስጪ ብለውኛል። ከሄድኩ በዓመት አንዴ ነው የምመጣው። አንተ የምትፈልገኝ ከሆነ አልሄድም፤ የማትፈልገኝ ከሆነ ግን ምን አስቀረኝ? እባክህ አሁን ምልክት አትላክልኝ። በድምፅህ ንገረኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ጋሼ ሚሊ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ለስድስት አሥር ጉዳይ ነው።

«ልጄ!» ጩኸታቸው ክፍሏን አናወጣት። የውሃዋ ልጅ ሮጣ መጣች። «ድምፅ መላክ እንዴት ነው? ቶሎ!»

«ይህችን ተጭነው ይዘው ይናገሩ፤ ሲጨርሱ ይልቀቁ።»

ተጫኑ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቀቁ። ግማሽ ሳል ተላከ።

«ሳል ላክሁባት!»

«ደግ አደረጉ፤ ድምፅዎ መሆኑን ታውቃለች። ይድገሙት፣ እስኪጨርሱ እንዳይለቁ።»

ጋሼ ሚሊ ሁለተኛ ተጫኑ። የሚሉትን ነገር ለማሳመር ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ እውነቱን ተናገሩ። «ልጄ፣ አልተቀየምኩም። አልሰማሽም ነበር። ጆሮዬ ደክሟል፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም አፈርኩ። ያን ሁሉ አውራ ጣት የላክሁት ሳልሰማ ነው። ዛሬ ነው የሰማሁሽ። ሥራሽን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሚሻልሽ መሄድ ከሆነ ሂጂ። እፈልግሻለሁ ወይ ላልሽው ግን፣ እፈልግሻለሁ። ነይ።» ለቀቁ።

ሦስቱም ሰዎች ስልኩን ከበው ቆሙ። ውጪ የአውቶቡሱ ሞተር ተነሣ።

«ጋሼ፣ ሣጥኑ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» አለ ዕቃ ተቀባዩ በቀኛቸው በኩል ጎንበስ ብሎ።

«አይሄድም!»

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የመጣው ድምፅ አልነበረም። አንዲት አውራ ጣት ናት።

ጋሼ ሚሊ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሰማች? ሳትሰማ ነው? ይህች ምልክት ስንት ነገር ልትሆን እንደምትችል ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ወዲያው ግን ተከትሎ ድምፅ መጣ፤ ጆሯቸው ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት። «እንዴት እንደሚያናድድ አየኸው አይደል? አልሄድም አልኳቸው አባዬ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

የውሃዋ ልጅ ማያያዣዋን ለመቀበል ፊቷን ወደ ባንኮኒው አዞረች። ማያያዣው ገና አልመጣም ነበር።

ጋሼ ሚሊ ማክሰኞ ሳይደርስ ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያው በር ላይ ተገኙ፤ ቀኑን አሳስተው ሳይሆን ቸኩለው። በማግሥቱ ጆሯቸው ታጠበላቸው፣ ተለካላቸው። ግራው ከታጠበ በኋላ ትንሽ ተከፈተ፤ የቀረው የመጋዙ ሥራ ነውና አይመለስም ተባሉ። ደጋፊ መሣሪያ ታዘዘላቸው። ባለሙያዋ ቀኙን ይጠብቁት አለቻቸው። ዛሬ ወርክሾፑ ውስጥ ከመጋዙ አጠገብ በምስማር የተሰቀሉ ሁለት ጆሮ መሸፈኛዎች አሉ። እነሱን ሳያደርግ ማሽኑን የሚነካ የለም፤ ደንበኛም ቢሆን ወደ ውጪ ይባረራል። ማዳመጫው ሥራ ሲያልቅ በቤቱ ሆኖ እዚያች በስኳድራ የተለካች ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሰጋቱራ አያገኘውም። ክዳኗ ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከጥፊ በፊት ወለሉን እይ።»

ደንበኞቻቸውም ለውጡን አስተዋሉ። ጋሼ ሚሊ ዛሬ ያልሰሙትን «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ይላሉ። ስለዚህ አልጋ ያዘዘ ሰው አልጋ ይወስዳል፤ ዱሮ አንዳንዱ መደርደሪያ ይዞ ይሄድ ነበር። አለመስማትን መናገር ያሳፍራል የሚሉ ሁሉ፣ ሰምቻለሁ ብሎ መዋሸት ልጅን ሦስት ዓመት ሊያስርቅ እንደነበር ከእሳቸው ቢማሩ መልካም ነው። የተማረውን መጠየቅ ዕድሜን አይቀንስም። ዕቃንም ሆነ ራስን በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ መመርመር መፍትሔውን ባያመጣ እንኳ ጥፋቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይሠራል።

እንዳለችውም በዚያው ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ ጋሼ ሚሊ ከግራ ጎናቸው የነበረውን በርጩማ አንሥተው ወደ ቀኛቸው አዞሩት። እርሳሷንም ከጆሯቸው ላይ አውርደው ኪሳቸው ከተቱ።

«በዚህ በኩል ተቀመጪ» አሉ። «እዚህ ነው የምሰማው።»